እግሬ ለሽምግልና ሲቀርብ

እኔ እንቅልፍ ላይ ጎበዝ ነኝ። ሌላ የምኮራበት ሙያ ስለሌለኝ በዚህ ብኮራ አትፍረዱብኝ። አንዳንዱ ሰው አልጋ ላይ ወጥቶ ይገላበጣል፣ የነገውን ያሰላስላል፣ ትናንት ያልመለሰውን ስድብ ዛሬ ለግድግዳው ይመልሳል። እኔ ግን ጭንቅላቴ ትራሱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ነው የምተኛው። ታዲያ በዚህችው በአንዲት ሙያዬ ተከስሼ ሽማግሌ ፊት እቀርባለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

የምሠራው ሰመራ ነው፤ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ። ባለቤቴ እታገኝ ደግሞ አዋሽ ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች። ዝውውር ብንጠይቅ ብንጠይቅ እሷን ወደ ሰመራ ወይ እኔን ወደ አዋሽ የሚያሻግረን ስላጣን፣ ትዳራችንን አስፋልት ላይ ዘርግተነው እንኖራለን። ዓርብ ሲመቸኝ በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ሰኞ በማለዳ እመለሳለሁ። ሰው «የት ነው የምትኖረው?» ሲለኝ ሚሌና ገዋኔ መሃል ብዬ ብመልስ ከእውነቱ ብዙም አልርቅም።

እታገኝ መጀመሪያ የነገረችኝ ቁርስ ላይ ነበር።

«ትራገጣለህ እኮ» አለችኝ።

«እኔ?»

«ታዲያ አልጋው ላይ ሌላ ማን አለ?»

አላመንኳትም። እኔ ራሴን ስራገጥ አይቼ አላውቅም። ጠዋት ስነሳ እግሮቼ ጎን ለጎን ተጋድመው ነው የማገኛቸው፤ ጥፋት የሠራ ሰው መልክ የላቸውም። «ሕልም አይተሽ ይሆናል» አልኳት። ሕልም ያየ ሰው ቅልጥሙ ይበልዛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የሒሳብ መምህርት ስታገቡ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠብቃችሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘዴ ሞከርን። መሃላችን የትራስ ግንብ ሠራች፤ ግንቡን አፈረስኩት። እግርጌና ራስጌ ሆነን ተኛን፤ ጆሮዋን አገኘኋት። እግሮቼን በነጠላ አሰረቻቸው፤ ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ መታሰሬን ረስቼ በአፍጢሜ ተደፋሁ። ይህን ሁሉ እያደረግን እንኳ ነገሩ በሽታ ነው የሚል ሐሳብ ለአንዳችንም አልመጣልንም። እኔ አመል ነው አልኩ። እሷ ደግሞ ምን እንዳለች ኋላ ነው የነገረችኝ።

ቀን ቀን አንቀላፋ እንደነበር መደበቅ የለብኝም። ግን ሰመራ ነው ያለሁት። እዚያ ሙቀት ውስጥ ቀትር ላይ ነቅቶ የሚገኝ ሰው ካለ፣ ሐኪም ቤት መሄድ ያለበት እሱ ነው። ስብሰባ ላይ ሳንቀላፋ ራሴ ወደ ታችና ወደ ላይ ስለሚል፣ ሰብሳቢው መስማማቴ ይመስለዋል። በዚህ የተነሳ አባል ያልሆንኩበት ኮሚቴ የለም።

ነገሩ የተበላሸው አዋሽ ላይ፣ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ደጃፍ ነው። ሐጂ ሰይድ የምንኖርበት ግቢ ባለቤት ናቸው። ከወሎ መጥተው አዋሽ ላይ የከበሩ፣ በግቢው በር ላይ ሱቅ ያላቸው፣ የሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣላ የሚጠራቸው ሰው ናቸው። እታገኝ ስኳር ልትገዛ ስትቆም ንፋስ ቀሚሷን ገለጥ አደረገውና የበለዘውን ቅልጥሟን አዩ።

«ልጄ፣ እግርሽን ምን ነካው?»

«ባለቤቴ ነው፣ ሐጂ። በእንቅልፉ ነው።»

ሐጂ ሰይድ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» የምትል ሴት አይተዋል። «በር መትቶኝ ነው» የምትልም አይተዋል። «ባሌ በእንቅልፉ ነው» የምትል ግን አዲስ ሆነችባቸውና ይበልጥ ደነገጡ።

በሚቀጥለው ዓርብ ስመጣ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። ከሎጊያ ያመጣሁላቸውን ቴምር ተቀብለው፣ ፊቴን ሳያዩ ሚዛኑ ጎን አስቀመጡት። ጎረቤታችን አቶ በቀለም፣ ድሮ ባቡር ላይ ይሠሩ የነበሩት ጡረተኛ፣ እንደ ወትሯቸው «የሰመራው» ብለው አልጠሩኝም። ሰውን ሁሉ ያኮሳተረው ሙቀቱ ነው ብዬ ገባሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱም ቤታችን መጡ። ሐጂ ሰይድ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል፣ አቶ በቀለ ኮት ደርበዋል። በአዋሽ ሙቀት ኮት የደረበ ሰው ለቀልድ እንዳልመጣ ያወቅኩት ያኔ ነው። ተቀመጡ። ውኃ ቀርቦላቸው ጠጡ። ሐጂ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ሰው ይቆጣል። መቆጣት ያለ ነው። በሚስት ላይ እጅ ማንሳት ግን አላህም አይወደው፣ ሰውም አይወደው።»

«እጄን አንስቼባት አላውቅም፣ ሐጂ።»

«እግርህንስ?» አሉ አቶ በቀለ።

እዚህ ላይ አመለጠኝና ሳቅሁ። በሽማግሌ ፊት፣ በእንዲህ ያለ ክስ ላይ መሳቅ ምን ያህል እንደሚያስጠላ የገባኝ የሁለቱን ፊት ሳይ ነው።

እታገኝ ጣልቃ ገባች። «ተኝቶ ነው ብያለሁ። እሱ ምንም አያውቅም።»

«እሺ የኔ ልጅ፣ አንቺ ዝም በይ። እኛ አለንልሽ» አሏት ሐጂ ሰይድ በለሰለሰ ድምፅ።

«ተኝቶ ከሆነ» አሉ አቶ በቀለ፣ «ግድግዳውን ለምን አይመታም? በዚያ በኩል ግድግዳም አለ።»

ሁላችንም ዞረን በተከፈተው በር ወደ መኝታ ቤቱ አየን። አልጋው ከግድግዳው ተጠግቷል። ግድግዳው ንጹሕ ነው፤ አንድ የእግር ምልክት የለበትም።

በመጨረሻ ሐጂ ሰይድ ፈረዱ። «ሐኪም ዘንድ ሂድ። ሐኪሙ በሽታ ነው ካለ እኛ አንተን ይቅርታ እንጠይቃለን። አይደለም ካለ ግን እታገኝ እኔ ቤት፣ ከሴት ልጆቼ ጋር ትቀመጣለች። አንተም ሰመራህን ትቀመጣለህ።»

ከወጡ በኋላ እኔ አሁንም ቀልድ መስሎኝ ስለ አቶ በቀለ ኮት አንድ ነገር ልናገር ስል እታገኝ ቀደመችኝ።

«የምትናደድብኝ ነገር አለ?»

«የምን መናደድ?»

«ቀን የማትነግረኝ። ውስጥህ ኖሮ ስትተኛ የሚወጣ። ስለ ዝውውሩ ይሁን፣ ልጅ ስላልወለድን ይሁን… ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አለ ካልከኝ አልቆጣም።»

ለካስ እኔ በሰላም ስተኛ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ይህን ስታብሰለስል ነበር የምታድረው። እያንዳንዷን እርግጫ እንደ ንግግር ስትሰማት፣ ምን ልላት እንደፈለግኩ ስትፈታ ነበር። ሳቄ የጠፋው ያን ጊዜ ነው። የለም አልኳት፣ ማልኩላት። እሺ አለችኝ። ፍራሽ አውጥታ ግን ለብቻዋ መሬት ላይ ተኛች።

ሰኞ ማለዳ ሚኒባስ ያዝኩ። ጋቢና፣ ሾፌሩና አንድ የአፋር አዛውንት መሃል ተቀመጥኩ። አዋሽ አርባን እንዳለፍን እንቅልፌ መጣ። ያለፈውን ሁሉ በሐሳብ ስፈትሽ አምሽቼ ስለነበር አልታገልኩትም። የነቃሁት ሚኒባሱ እየጮኸ ከመንገዱ ዳር ሲቆም ነው። ሾፌሩ ላብ በላብ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ማርሹን ምን አድርጎዎት ነው የሚመቱት?»

በግራ እግሬ ማርሹን ከቦታው አውጥቼዋለሁ። ያውም ከፊት ተሳቢ መኪና ሲመጣ። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ተነስተው እኔን ለማየት ተንጠራሩ። አንዷ ሴትዮ ልጇን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች። ምን ብዬ ልመልስ? «ሽማግሌ ይዞታል» አልላቸው።

አዛውንቱ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «እኔ መሃል ልሁን። አንተ ወደ በሩ ሁን» አሉኝ በረጋ ድምፅ። ቦታ ከተለዋወጥን በኋላ ደግሞ ጨመሩ፦ «በሩን ግን እንዳትከፍተው።»

ከዚያ እስከ ሰመራ ዓይኔን አልከደንኩም። ሰው ልጨርስ ነበር። ሚሌ ላይ ሌሎቹ ቁርስ ሲበሉ እኔ በሚኒባሱ ዙሪያ ስመላለስ ቆየሁ። ሰመራ እንደደረስኩ ቢሮ አልገባሁም፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ያየችኝ ሐኪም ወጣት ናት። ረጋ ያለች፣ ሰው ሲያወራ የማታቋርጥ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«እኔን ምንም አያመኝም፣ ዶክተር። የሚያማት ባለቤቴን ነው። አዋሽ ናት።»

«ታዲያ እሳቸው ለምን አልመጡም?»

«በሽታው እኔ ላይ ሆኖ ሕመሙ እሷ ላይ ስለሆነ ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና በደንብ አየችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ግንቡን፣ ነጠላውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ማርሹን። አልሳቀችም። በዚህ በጣም ወደድኳት።

ከመተኛቴ በፊት፣ ማታ ቁጭ ስል፣ እግሬ አላርፍ ይለኝ እንደሆነ፣ ውስጡ የሚርመሰመስ ነገር ይሰማኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይሰማኝም። ኩላሊት ወይም ስኳር ታምሜ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም። መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ለአቧራው አለርጂ ከፋርማሲ እየገዛሁ የምውጣት እንክብል አለች፤ የምታስተኛዋ። ነገርኳት። ቅንድቧ ከፍ አለ።

«ሲራገጡ ያየዎት ሰው ያስፈልገኛል» አለች። «እርስዎ ለራስዎ ምስክር መሆን አይችሉም። ተኝተው ነበራ።»

ለእታገኝ ደወልንና ስልኩን ድምፁን ከፍተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

«ወይዘሮ እታገኝ፣ ባለቤትዎ ሲተኙ ምን ያደርጋሉ?»

እታገኝ ይህን የሚጠይቃት ሰው ስትጠብቅ እንደኖረች ያወቅኩት ያኔ ነው። «መጀመሪያ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይነሳል» አለች። «ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል። ከዚያ ጉልበቱን ሰብሰብ ያደርጋል። ከዚያ ይለቀዋል። የሚመታኝ ሲለቀው ነው። ከዚያ ያርፋል። ቆጥሬዋለሁ፤ እስከ ሠላሳ ሳልደርስ ብዙ ጊዜ ይደግመዋል። አንዳንዴ ግራው ነው፣ አንዳንዴ ቀኙ።»

ሐኪሟ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ነበር የምትሰማው። «ይጮኻሉ? የሚደባደቡት፣ የሚያባርራቸው ሰው ያለ ይመስላል?»

«የለም። ፊቱ ሰላማዊ ነው። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።»

«ያንኮራፋሉ?»

«እሱንም ይጨምርበታል።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሐኪሟ አስረዳችኝ። እንዲህ እየተደጋገመ፣ ልክ እንደ ሰዓት በየጊዜው የሚመጣ የእግር መንቀሳቀስ በእንቅልፍ ውስጥ የሚከሰት የታወቀ ነገር ነው። ከቁጣም፣ ከሕልምም፣ ከቂምም ጋር አይገናኝም። ብቻውን ግን በሽታ አይባልም። እግራቸው እየተነሳ በደህና የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። በሽታ የሚባለው እንቅልፍን ሲያበላሽና ሌላ ምክንያት ሲታጣለት ነው።

«የእኔን እንቅልፍ አላበላሸውም» አልኳት በኩራት። «እኔ እንቅልፍ ላይ ጎበዝ ነኝ።»

«እግርዎ በተነሳ ቁጥር አንጎልዎ ለቅጽበት ይነቃ ይሆናል፤ እርስዎ አያስታውሱትም። ጠዋት ሲነሱ ሌሊቱን ሙሉ የተኙ ይመስልዎታል። ለመሆኑ ቀን ያንቀላፋሉ?»

ኮሚቴዎቼን በሙሉ አሰብኩ። «አልፎ አልፎ» አልኳት።

ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ሲመጣ «ብረት ጎድሎብዎታል» አለችኝ። እኔ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ብረት ጎደለ ሲባል ልቤ ቀጥ አለ። ሌባ አልገባም፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው ልላት ትንሽ ነው የቀረኝ። ለካስ የደሙን ነው። ወንድ ሰው የብረት እጥረት ሲገኝበት ብረቱ የት እንደሄደ መፈለግ አለበት አለችና ሰገራ አስመረመረችኝ። አንጀቴ ውስጥ ደም የሚመጥ ትል ተገኘ። በዚያ ላይ በእያንዳንዱ ምግብ ላይ ሻይ እጠጣለሁ፤ ሻዩ ደግሞ የምበላው ምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነቴ እንዳይገባ ያግዳል። የምታስተኛዋ እንክብልም የእግሩን ነገር ልታባብስ ትችላለች አለችኝ። እንዲህ አድርጌ ራሴን በሦስት በኩል ስከብ ነው የኖርኩት።

የትሉን መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ብረት አዘዘችልኝ፣ የአለርጂ እንክብሏን በማታስተኛ ቀየረችልኝ። ሲራገጡ በስልክ ተቀርጸው ይምጡልኝ፣ ቀን ላይ የሚተኙትም ይበቃል አለች። ከዚያ አዲስ አበባ እንቅልፍ የሚመረምር ክሊኒክ ትልከኛለች፤ ማንኮራፋቱ ትንፋሽ ማቆም እንዳይሆን እዚያ ይጣራል።

ቀረጻው በሚቀጥለው እሑድ ከምሳ በኋላ ተያዘ። እታገኝ ለሐጂ ሰይድ ነግራቸው ኖሮ፣ ሸማ ለብሼ ልጋደም ስል ሁለቱ ሽማግሌዎች ወንበራቸውን ይዘው ገቡ። «እኛም በዓይናችን እንየው» አሉ። ሐጂ ሰይድ መቁጠሪያቸውን ይዘው በእግርጌ በኩል ተቀመጡ፤ ሻያቸውን ከአጠገባቸው በርጩማ ላይ አደረጉ። አቶ በቀለ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው መዳፋቸው ላይ ዘረጉ። እታገኝ ስልኳን ደግና ቆመች።

«ተኛ እንግዲህ» አሉ አቶ በቀለ፣ ባቡር እንዲነሳ እንደሚያዝ ሰው።

ሠርጌ ቀን እንኳ እንዲህ አልታየሁም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ተጋደምኩ።

«ጨፍኗል እንጂ አልተኛም» አሉ ሐጂ ሰይድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በምን አወቁ?» አሉ አቶ በቀለ።

«አፍሯል። ጆሮው ቀልቷል።»

መብራት ሄደና ማራገቢያው ቆመ። ቤቱ ምድጃ ሆነ። አቶ በቀለ ዝምታው ሲከብዳቸው ድሮ ባቡራቸው ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ ሲሄድ የተበላሸበትን ቀን ማውራት ጀመሩ። ገና ተሳፋሪው ሳይወርድ እኔ ተኝቻለሁ።

ቀጥሎ የሆነውን የማውቀው ከቪዲዮው ነው። የእኔ አውራ ጣት ይነሳል። ቁርጭምጭሚቴ ይታጠፋል። ጉልበቴ ይሰበሰብና ይለቀቃል። ያርፋል። አቶ በቀለ ሰዓታቸውን ያያሉ። ይነሳል። ሐጂ ሰይድ መቁጠሪያቸውን መቁጠር ትተው እግሬን መቁጠር ጀምረዋል። «ይሄ እኮ ሰዓት አክባሪ ነው» ይላሉ አቶ በቀለ፣ አድናቆት በተቀላቀለበት ድምፅ። ሐጂ ሰይድ ይበልጥ ሊያዩ ሻያቸውን አንስተው ጠጋ ይላሉ። ቀኝ እግሬ ይለቀቃል። ሻዩ በሙሉ ነጩ ጀለቢያ ላይ።

«ሱብሃነላህ» ይላሉ ሐጂ ሰይድ። የእኔ ፊት ሰላማዊ ነው። እውነትም የሚያናድድ ፊት ነው።

ቆይቼ ስነቃ ሐጂ ሰይድ ረጥበው ቆመዋል። «ልጄ፣ አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ» አሉኝ። ከዚያ ወደ እታገኝ ዞሩ፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ጋ ከበዳቸው። «አንቺንም አፉ በይኝ። እውነቱን ስትነግሪኝ ዝም በይ አልኩሽ።»

«ሐጂ፣ ያላመኑኝ እኮ ለእኔ ብለው ነው» አለቻቸው። «ሌላ ጊዜም እንዲሁ ይጠይቁ። አንዷ ጋ በእንቅልፍ ላይሆን ይችላል።»

ሐጂ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ በቀለ ግን ወንበራቸው ላይ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል፤ የእታገኝ ስልክ ገና እየቀረጸ ነው።

ቪዲዮውን ሰመራ ወስጄ ለሐኪሟ አሳየኋት። እግሬን ሁለቴ አየችው፤ እታገኝ እንዳለችው ነው አለች። ከዚያ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችና ፊቷ ተለወጠ።

«ይህ የሚያንኮራፋው ማን ነው? እርስዎ ነዎት?»

«የለም፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። ዳኛዬ ናቸው።»

«ትንፋሻቸው እየተቋረጠ ነው። ይስሙት፤ ያንኮራፉና ጭራሽ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ይተነፍሳሉ። ከእርስዎ እግር ይልቅ የእኚህ ሰው ትንፋሽ ያሳስበኛል። ይዘዋቸው ይሂዱ።»

አቶ በቀለ «እኔ ሽማግሌ ሆኜ መጣሁ እንጂ ታማሚ ሆኜ አልመጣሁም» ብለው አስቸገሩ። ያሳመነቻቸው ባለቤታቸው ናት፤ እሷም የሚጠይቃት ሰው ስትጠብቅ ኖራለች።

ስለዚህ እኔ፣ እታገኝና አቶ በቀለ አዲስ አበባ ተያይዘን ሄድን። ክሊኒኩ ውስጥ ሁለት ክፍል፣ ሁለት አልጋ። አንድ ባለሙያ ጭንቅላቴ ላይ፣ አገጬ ላይ፣ ሁለቱም ቅልጥሞቼ ላይ ሽቦ ለጠፈልኝ፤ ደረቴን በቀበቶ አሰረኝ፣ አፍንጫዬ ሥር ቱቦ፣ ጣቴ ላይ መቆንጠጫ አደረገልኝ። ጨርሶ «አሁን እንደ ቤትዎ ይተኙ» አለኝ። በግድግዳው ማዶ የአቶ በቀለ ድምፅ ይሰማል፤ ለእሳቸው ሽቦ ለሚለጥፈው ሰው የባቡር ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ያስረዱታል። ያው እንደ ልማዴ፣ ተሳፋሪው ሳይወርድ ተኛሁ።

ጠዋት የክሊኒኩ ሐኪም ኮምፒውተር ላይ የሌሊቱን መስመሮች አሳየን። የእግሬ መስመር ዝም ብሎ ይሄድና ድንገት ብድግ ይላል፤ ዝም ይልና ደግሞ ብድግ። ከላይ ያለው የአንጎሌ መስመር አብሮት ይደነግጣል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ነው። ትንፋሼ ደህና ነው፤ ማንኮራፋቴ ማንኮራፋት ብቻ ነው። ሌላው ምክንያት ሁሉ ተጣርቶ፣ የእግሬ ነገር በስሙ ተጠራ፤ በእንቅልፍ ውስጥ በየጊዜው የሚመጣ የእግር እንቅስቃሴ ሕመም። በእንቅልፍ ጎበዝ ነኝ እያልኩ የኖርኩት ሰው ለካስ ደህና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። ጎበዝ ያልኩት ድካሜን ነው።

እታገኝ አጠገቤ ተቀምጣ መስመሮቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። «ስለዚህ ምንም እያለኝ አይደለም» አለች ለሐኪሙ።

«ምን?»

«በእግሩ። የሚለኝ ነገር የለም ማለት ነው።»

ሐኪሙ አልገባውም። እኔ ግን እጇን ያዝኩ። አቶ በቀለም፣ ሲተኙ አፍንጫቸው ላይ የሚያደርጉት አየር የሚገፋ መሣሪያ ታዘዘላቸውና፣ ቤታቸው ደርሰው ሲያጠልቁት ባለቤታቸው አብራሪ መሰልክ ብላቸው ለሳምንት ኮራ ብለው ሰነበቱ።

ብረት ቶሎ አይሞላም፤ ወራት ወሰደብኝ። ሐጂ ሰይድ ጥፋታቸውን ለመካስ ብለው ጉዳዩን ራሳቸው ያዙት፤ ምሳ በልቼ ብቅ ካልኩ ሻይ አይሸጡልኝም። በደሌን ያወጁትን ያህል ንጽሕናዬንም ስላወጁ፣ አዋሽ ላይ የማያውቀኝ ሰው የለም። «እግርህ እንዴት አደረ?» ይለኛል ባጃጅ ነጂው። ሰመራ ላይ ደግሞ ስብሰባ ውስጥ መንቃት ጀመርኩ፤ የማልስማማበት ነገር ስንት እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። ከኮሚቴዎቹ ግማሾቹን ለቀቅኩ።

እታገኝም ፍራሿን ከመሬት አንስታ ተመለሰች።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ አብረን ተጋደምን። ስነቃ ጆሮዋ ደረቴ ላይ ነው። ሁለት ጣቶቿን ደግሞ አፍንጫዬ ሥር ይዛለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ዝም አልክብኝ» አለች። «ብቆጥር ብቆጥር አልተነሳም። የሞትክ መሰለኝ።»

«ዝም እንዲል አይደል እንዴ ይህን ሁሉ የለፋነው?»

«እሱማ ነው» አለችና ተመልሳ ተጋደመች። ጣሪያውን አየች፣ ወደ ግድግዳው ዞረች፣ ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። እንዳልስቅባት ፊቷን በትራሱ ሸፍና ተናገረች። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እስቲ ትንሽ ነካ አድርገኝ።»

እግሬን ቀስ ብዬ ዘረጋሁና፣ ነቅቼ፣ አውቄ፣ በአውራ ጣቴ ቅልጥሟን ነካ አደረግኋት። ትንሽ ቆየሁና ደገምኩ። ወዲያው ተኛች።